ፕሮጀክት የሚያስተምር መምህር በፕሮጀክት ይሠልጥን

በአገራችን ምህንድስና የሚያስተምሩ መምህራን ብዙዎቹ የመጡበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ጥሩ ውጤት ይዘው ይመረቃሉ፤ በተመረቁ ማግስት ረዳት ምሩቅ ተብለው ይቀጠራሉ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ይመለሱና ራሳቸው በተማሩበት መንገድ ያስተምራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ድልድይ የሠሩበት፣ ፓምፕ ፈትተው የገጠሙበት፣ ከግንበኛና ከብየዳ ባለሙያ ጋር የተሟገቱበት፣ ገንዘብ አልቆባቸው ንድፋቸውን የከለሱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ያሳደጋቸው ሥርዓት ይህን አልጠየቃቸውም። አሁን ግን እነዚሁ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በፕሮጀክት እንዲያስተምሩ እየተጠየቁ ነው። ለዚህም ስልጠና ያስፈልጋል ይባላል። አዎ፣ ያስፈልጋል። ጥያቄው ምን ዓይነት ስልጠና የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ፕሮጀክት የሚያስተምር መምህር የሚሠለጥነው ራሱ አንድ ፕሮጀክት ከመነሻው እስከ መድረሻው ሠርቶ ነው። በአዳራሽ ተቀምጦ ስለ ፕሮጀክት ገለጻ የሰማ መምህር፣ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ስለ ፕሮጀክት ገለጻ ይሰጣል። ከዚያ አያልፍም። ይህን ለመለወጥ ደግሞ ትልልቆቹንና አንጋፋዎቹን ተቋማት መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንደ መካነ ሰላም ያለ የደጋ ከተማ ከአዲስ አበባ የተሻለ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ የሞላው ደጋ

ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላም ያደርሳል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ የወሎ ቦረና መሬት ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተቆረጠ ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ሳይንት፣ ወዲህ ለጋምቦ፣ ወዲያ ወግዲና ከለላ አሉ። ከእነዚህ አምባዎች የሚወርደው ውሃ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች በኩል ዓባይ ይገባል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። በአራተኛው ትውልድ ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎቹን በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ያደረገው በዚህ መሬት ላይ ነው። ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ምህንድስናም ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ነው።

አዲስ ዩኒቨርሲቲ መሆን ችግር አለው። ወርክሾፑ ገና ይደራጃል፤ ልምድ ያለው መምህር ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ይፈልጋል፤ ለኢንተርንሺፕ ተማሪ የሚቀበል ፋብሪካ በአካባቢው የለም። ነገር ግን ፋብሪካ የለም ማለት የምህንድስና ሥራ የለም ማለት አይደለም። ክረምት ሲገባ ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ወንዝ አለ። ተበላሽቶ የቆመ የእጅ ፓምፕ አለ፤ መለዋወጫው ከደሴ መምጣት አለበት። በኩበትና በባህር ዛፍ ቅጠል የሚጋገር እንጀራ አለ፤ ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ኩበት እሳት ውስጥ ይገባል። እርከን ተሠርቶለት የዳነ ተዳፋት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ቦረቦር የበላው አለ።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ እንውሰድ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከተዋወቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የሚቀረጸው በተለምዶ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፑሚሱ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሲሆን የምዕራብ ወሎ አምባ ግን በአብዛኛው ባዛልት ነው። ታዲያ ምድጃውን እዚሁ በሚገኝ ነገር ለመቅረጽ ምን ይቀላቀል? ክብደቱስ እናት ወይም እህት ከገበያ ይዘውት እንዲሄዱ ምን ያህል መሆን አለበት? ሙቀቱን ምን ያህል ይይዛል? ስንት ጊዜ ተጋግሮበት ይሰነጠቃል? ይህ አንድ ጥያቄ የቁሳቁስ ሳይንስን፣ የሙቀት ዝውውርን፣ የምርት ሥራን፣ የዋጋ ስሌትን ያካትታል። ለሙከራው ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ እሳትና ሊጥ ይበቃል።

የመነሻ መረጃም በቅርብ አለ። በዚሁ በደቡብ ወሎ ማይባር በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናብ፣ የጎርፍ መጠንና የታጠበ አፈር ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። ጣቢያው ከስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ፕሮግራም ከተከፈቱት የመጀመሪያው ነው። የውሃ ምህንድስና ተማሪ ከሌላ አህጉር የተወሰደ ምሳሌ ሲሠራ የሚውልበት ምክንያት የለም።

ሞክረን እናውቃለን

ተማሪን በሥራ ውስጥ ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደበት መቅደላ ራሱ ምስክር ነው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሥሩ አሏቸው። አብዛኞቹ ከሚስዮን የመጡ አንጥረኞችና አናጺዎች ነበሩ፤ መድፍ ቀልጦ ሲፈስ አይተው አያውቁም። ሞከሩ፣ አልተሳካም፤ እቶኑን ለወጡ፣ እንደገና ሞከሩ። አጠገባቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ይለምዱ ነበር። በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በመጋቢት መቅደላ እስኪወጣ ድረስ ወራት ፈጀ፤ በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ እየተፈለፈለ፣ ድንጋይ በባሩድ እየተናደ ተጎተተ። ያ መንገድ በምዕራብ ወሎ ደጋ የተሠራ ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነው።

ከጋፋት የምንወስደው ትምህርት ግን በመሥራቱ ብቻ አያበቃም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ጋፋትም ተበተነች። የተሞከረው፣ የከሸፈው፣ የተሳካው በመዝገብ አልተያዘም፤ ሙያውን የሚያስቀጥል ቤትም አልነበረም። ጋፋት ፕሮጀክት ነበራት፤ ተቋም አልነበራትም። ዛሬ መምህር በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በሚለቅበት ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥሩ ፕሮጀክት የሚመራ አንድ ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የመምህራን ስልጠና ከሁሉ በፊት አንድን ልምድ ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ የተቋም የማድረግ ሥራ ነው።

ይህን በተቋም ደረጃ ያሳካ ምሳሌ በዚያው በሰሜን አለን። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተመሠረተው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው በጨረሰ ማግስት ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። መጸዳጃ ይቆፍራሉ፣ ምንጭ ይከልላሉ፣ ሕመምተኛ ያክማሉ፤ መምህራቸውም እዚያው ይቆጣጠራቸዋል። የቡድን ስልጠና የተባለው ይህ ልማድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተሻገረ፤ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የተቋሙ ፍልስፍና ሆኖ ቀረ። ጎንደርና ጅማ የቻሉት አንድ ነገር ስላደረጉ ነው፤ የመስክ ሥራው በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ ጊዜ፣ ነጥብና ኃላፊ መምህር ተሰጠው።

በምህንድስናውም ሙከራ ነበረ። በ1947 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እገዛ የተቋቋመው የሕንጻ ኮሌጅ ትምህርቱን ከግንባታ ሥራ ጋር አያይዞ ነበር የጀመረው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የብረት፣ የእንጨትና የጨርቃ ጨርቅ ሙያ በወርክሾፕ ያስተምር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በጀርመን መንግሥት ትብብር የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም መጣ፤ ትምህርቱ 5 ዓመት ሆነ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለኢንተርንሺፕ ተለየ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን በ2001 ዓ.ም. የ70/30 ድልድል ተጀመረና ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሆነ። ክፍሎች ሞሉ፤ አንድ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ በ15 ተማሪ ተከበበ፤ መምህሩ ወደ ስላይድና ወደ ሃንድአውት ተመለሰ። የመመረቂያ ፕሮጀክትም ካለፈው ዓመት ተገልብጦ፣ የከተማና የቀበሌ ስም ተቀይሮ የሚታተምበት ጊዜ መጣ።

የቅኔ ቤት ምስክርነት

ወሎ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የራሱ የማስተማር ጥበብ የነበረው አገር ነው። በዋድላ ስም የሚጠራው የቅኔ ስልት ከዚሁ ከወሎ የፈለቀ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሕጉን ሰምቶ ብቻ አያድርም። ከጓደኞቹ ተለይቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ ለነገራ ይቀርባል፤ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ይሰማዋል፣ ያርመዋል፣ ያልሆነውን ይጥልበታል። ነገም እንደገና ነው። የእስልምና ትምህርት በሚሰጥባቸው በወሎ ሐሪማዎችም ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት ይቀራል፤ ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ያስቀራል።

በእነዚህ ቤቶች ማንም ሳይቀኝ የቅኔ መምህር አልሆነም። መምህሩ የሚከበረው ራሱ ተቀኝቶ ስላስመሰከረ ነው። አስነጋሪነትም ከመምህርነት በፊት የሚታለፍ ደረጃ ነው፤ ወጣቱ ሌላውን ማረም የሚለምደው መምህሩ እያየው ነው። ዛሬ በውድ ዋጋ ከውጭ የምናስመጣው የስልጠና ሐሳብ ፍሬው እዚህ አለ፤ ማስተማር የሚፈልግ ይሥራ፣ ሠርቶም በሚያውቅ ሰው ፊት ያርም።

የውጭውም ልምድ ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ከጅምሩ ትምህርቱን በፕሮጀክት ላይ አዋቀረ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው የየሴሚስተሩን ግማሽ ያህል ጊዜ ለአንድ ችግር ያውላሉ፤ የቀረው ግማሽ ለኮርሶች ነው። በዴንማርክ አዲስ ገቢ መምህር ወደ ቀጣዩ የማዕረግ ደረጃ ለማለፍ የዩኒቨርሲቲ ማስተማር ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው፤ በዚያም ሲያስተምርና ተማሪ ሲያማክር አንጋፋ ባልደረቦቹ እየተገኙ ይመለከቱታል። ምዘናው እዚያው ሥራው ላይ ነው።

እኛም የመምህራን ስልጠና አላጣንም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የተባለው የአንድ ዓመት ስልጠና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ቆይቷል። መምህራን ራሳቸውን እንዲፈትሹ፣ ተማሪ ተኮር ዘዴ እንዲሞክሩ ረድቷል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ስልጠናው ለሕግ መምህሩም፣ ለነርሲንግ መምህሩም፣ ለሲቪል መሐንዲሱም አንድ ነው። መሐንዲሱ የሚያስፈልገው የተለየ ነገር አለ፤ ውጤቱ ያልታወቀ፣ ገንዘብ የሚፈጅ፣ ሊፈርስ የሚችል ሥራ እንዴት ይመራል? ይህ በአጠቃላይ ስልጠና አይመለስም።

አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሴሚስተር

ምን ዓይነት ስልጠና እንደምፈልግ በምሳሌ ላሳይ። ከግቢ ሳይወጣ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት እንውሰድ፤ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም።

ስሌቱ ቀላል ይመስላል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። የአንድ የመማሪያ ሕንጻ ጣሪያ 1000 ካሬ ሜትር ቢሆንና በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 900 ሺህ ሊትር ይወርዳል። በትነትና በመፍሰስ 20 በመቶው ይባክናል ብንል 720 ሺህ ሊትር ይቀራል። ለ1000 ተማሪ በቀን 20 ሊትር ብናስብ ለ36 ቀን ይበቃል። በሰሌዳ ላይ የተሰጠ ጥያቄ ቢሆን እዚህ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሮበት ያበቃል።

ፕሮጀክቱ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው በክረምት ነው፤ ተማሪው በዚያን ጊዜ ግቢ ውስጥ አለ ወይ? 720 ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን በምን ይሠራል? ዋጋውን ያየ ቡድን ከጣሪያው ይልቅ ወጪውን የሚበላው ጋኑ መሆኑን ያገኛል። እንግዲያስ 100 ሺህ ሊትር ብቻ ቢሠራ፣ በዝናብ ወራት እየሞላ እየተቀዳ፣ በአጠቃላይ ስንት ውሃ ይሰጣል? ይህን ለማወቅ የየወሩ፣ እንዲያውም የየቀኑ የዝናብ መዝገብ ያስፈልጋል። አሸንዳው ዝገት በልቶታል፤ ማን ይብየደው? የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ እንዴት ተለይቶ ይጣል? ውሃው ለመጠጥ ነው ለመጸዳጃ? ማን ያጸዳዋል? ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ቁልፉ ማን እጅ ይቀመጣል?

የእኔ ሐሳብ ይህን ሥራ ከተማሪ በፊት መምህራኑ እንዲሠሩት ነው። ከሲቪል፣ ከውሃ፣ ከሜካኒካልና ከኤሌክትሪካል ትምህርት ክፍሎች የተውጣጡ አምስት ወይም ስድስት መምህራን፣ ሁለት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖችና ከዩኒቨርሲቲው የጥገና ክፍል አንድ ባለሙያ አንድ ቡድን ይሁኑ። አንድ ሴሚስተር ይሰጣቸው። አነስተኛ በጀት ይያዝላቸው፤ ግዥውን ራሳቸው ይከታተሉ። ከመካነ ሰላም ብየዳ ቤቶችና ከአካባቢው ግንበኞች ጋር ይነጋገሩ። በየሳምንቱ ያሰቡትን፣ የተሳሳቱትንና የለወጡትን በመዝገብ ይጻፉ። በመጨረሻም ሥራቸውን በሌሎች መምህራን ፊት ቆመው ይከራከሩበት።

በዚህ ሂደት መምህሩ በገለጻ የማያገኛቸውን አራት ነገሮች ያገኛል። አንደኛ፣ ጥያቄ መምረጥ፤ በ16 ሳምንት የሚያልቅ፣ ኮርሱ የሚፈልገውን ጽንሰ ሐሳብ የሚያስነሳ፣ ግን መልሱ ከመጽሐፍ የማይገለበጥ ጥያቄ የቱ ነው? ሁለተኛ፣ ዝም ማለት፤ መልሱን እያወቀ ተማሪው ራሱ እስኪደርስበት መጠበቅና በጥያቄ መምራት። ይህ ለገለጻ ለለመደ መምህር ከሁሉ የሚከብድ ነው። ሦስተኛ፣ መመዘን፤ አንዱ ሠርቶ ሌላው ስሙን ብቻ የሚያስገባበትን የቡድን ሥራ በፍትሕ መዳኘት። የየተማሪው የሳምንት መዝገብ ቢታይ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ሥራው ብቻውን ቆሞ ቢጠየቅ ማን እንደሠራ ይታወቃል። አራተኛ፣ ክሽፈትን ማስተናገድ፤ ያልሠራ ነገር ያቀረበ ነገር ግን ለምን እንዳልሠራ በልኬት ያስረዳ ቡድን ስንት ያገኛል?

በአራተኛው ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከቦረና ወደ ላይ ዓባይን ይዘን ብንሄድ በጎጃምና በጎንደር መካከል ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሀሉ ፈርሶ ሰው ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖሯል። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ከአሜሪካ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በብረት ጠገኑት፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው። ሰዎቹ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ከጎርፉ በላይ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የመጀመሪያው ሥራ ባይወሰድ የሁለተኛው ከፍታ አይታወቅም ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ዓይነቱን ስህተት ሰው በማይጎዳበት ቦታ፣ በግቢ ውስጥ፣ በትንሽ ወጪ እንዲሳሳቱት ማድረግ የመምህሩ ኃላፊነት ነው። ስህተትን በዜሮ የሚቀጣ መምህር ተማሪው እውነተኛ ልኬቱን ደብቆ ያማረ ቁጥር እንዲጽፍ ያስተምረዋል።

ስልጠናው ብቻውን አይበቃም

የሠለጠነ መምህር ወዳልተለወጠ ተቋም ቢመለስ ስልጠናው በሁለት ሴሚስተር ይረሳል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ አመራሮችና ከትምህርት ሚኒስቴር የሚጠበቁ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሥራ ጫና ስሌት ነው። ገለጻ የሚሰጥ መምህር ሰዓቱ ይቆጠርለታል። አምስት ቡድን ይዞ ወደ ብየዳ ቤትና ወደ ወንዝ የሚመላለሰው ግን ድካሙ በሥራ ጫና ስሌቱ ላይ በአግባቡ ካልታየ፣ ቀስ በቀስ ወደ ስላይዱ ይመለሳል። በዚህ ልንፈርድበት አንችልም፤ እሱም ቤተሰብ አለው።

ሁለተኛው ግዥ ነው። አንድ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት የጠየቀው ቧንቧ በዓመቱ መጨረሻ ከደረሰ ፕሮጀክት የለም። በትምህርት ክፍል ደረጃ የሚያዝ፣ በደረሰኝ የሚወራረድ አነስተኛ የፕሮጀክት ገንዘብ ያስፈልጋል። ቁጥጥሩ ይኑር፤ ፍጥነትም ይኑር።

ሦስተኛው የቴክኒሺያኑ ክብር ነው። ይህች አገር ባለ እጅን ስትንቅ ኖራለች። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሰደበ እንዲቀጣ ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንቀቱ ግን ከዩኒቨርሲቲ አጥር አልቀረም፤ በወርክሾፑ ውስጥ ማሽኑን የሚያውቀው ቴክኒሺያን ከወጣት ረዳት ምሩቅ በታች ተደርጎ ይታያል። በፕሮጀክት ትምህርት ግን ቴክኒሺያኑ መምህር ነው። ከመምህራኑ ጋር አብሮ ይሠልጥን፤ ተማሪውንም በምዘና ጊዜ ይጠይቀው። የከተማው ብየዳ ባለሙያም እንግዳ መምህር ሆኖ ቢጋበዝ ክብሩ የሁላችን ነው።

አራተኛው ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ለፕሮጀክት የሚሰጠው ጊዜ ከፈተና ዝግጅት ላይ የተወሰደ ይመስላቸዋል። ሥጋታቸውን እረዳለሁ። መፍትሔው ፕሮጀክቱን በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ እንደ ተጨማሪ ሸክም አለመጫን ነው፤ በነባሮቹ ኮርሶች ውስጥ የመልመጃና የላቦራቶሪ ቦታ ይያዝ። የጣሪያ ውሃ የሠራ ተማሪ ስለ ፍሰት፣ ስለ ግፊትና ስለ ኮንክሪት ሲጠየቅ የሚያስታውሰው በእጁ የነካውን ነው።

አምስተኛው ሰላም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ብዙ የተለፋበት ወርክሾፕና ላቦራቶሪ ባዶ ቀርቷል። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ግጭት አልቆመም። ተማሪን ርቆ ወደሚገኝ ቀበሌ መላክ ኃላፊነት የሚያስከትል ነው። ከግቢ ውስጥ ሥራ መጀመር የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሥራው ይሰፋል። ወደ ገጠር ሲወጣም ለነዋሪው የማይፈጸም ተስፋ አይሰጥ። መጠይቅ ይዞ መጥቶ፣ ለክቶ፣ ሳይመለስ የሚቀር ተማሪ በበዛ ቁጥር ገበሬው ለሚቀጥለው በሩን ይዘጋል። የሚለካ ቡድን ውጤቱን ለቀበሌውና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ ጽፎ ማስረከብ ግዴታው ይሁን።

አሁን ለምን?

ጊዜው ምቹ ነው የምለው በአንድ አሳዛኝ ምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም ከዚያ የተሻለ አልሆነም። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚገባው ተማሪ ቁጥር ቀነሰ። ለአገሪቱ ይህ ከባድ ሐዘን ነው። ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ 80 ተማሪ ይይዝ የነበረ ክፍሉ ወደ 25 ወይም 30 ሲወርድለት በ70/30 ዘመን ያልተቻለው ይቻላል፤ አምስት ቡድን፣ አንድ መምህር፣ አንድ ቴክኒሺያን። ክፍሉ እንደገና ከመሙላቱ በፊት ይህን ዕድል ለፕሮጀክት ትምህርት ያላዋለ ተቋም ሌላ እንዲህ ያለ ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

መነሻውም ከባድ አይደለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ የመምህራን ቡድን አንድ ፕሮጀክት ይሥራ። በሁለተኛው እነዚያው መምህራን ሁለት ሁለት ሆነው የተማሪ ቡድኖችን ይምሩ፤ አንዱ ሲያማክር ሌላው ይመልከት፣ በኋላም ያየውን ይንገረው። በሦስተኛው አዲስ ለሚገቡት አስነጋሪ ይሁኑ። የተሠራው፣ የከሸፈው፣ የወጣው ገንዘብና ያስተማረው ነገር በትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት በመዝገብ ይቀመጥ፤ መምህሩ ቢለቅ መዝገቡ እንዳይለቅ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ቡድን ያለፈውን አንብቦ ከዚያ ይቀጥል እንጂ ከዜሮ አይጀምር።

ከዚህ በኋላ ስለ መምህራን ስልጠና ሪፖርት ሲቀርብ የሠልጣኞች ብዛትና የአዳራሹ ፎቶግራፍ አይብቃን። መምህራኑ በስልጠናው ምን ሠሩ? በቀጣዩ ሴሚስተር ስንት ኮርስ በፕሮጀክት ተሰጠ? የመምህሩ ድካም በሥራ ጫና ስሌቱ ላይ ተቆጠረ? ተማሪዎቹ የሠሩት ከስድስት ወር በኋላ ይሠራል? የመቅደላ አምባም ሆነ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት፣ የትምህርት ሚኒስቴርም፣ ወላጅም እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ተቋም መሐንዲስ እያፈራ ነው፤ መልስ የሌለው ደግሞ ስልጠናውን እንደገና ይጀምር፤ በዚህ ጊዜ ግን ከአዳራሽ ወጥቶ፣ ከወርክሾፕ።